ግራዝማች በአንሶላው ላይ

ብርነሽ ሰው በማስለቀስ የታወቀች ነበረች። ይህ ሲባል ክፉ ሴት ናት ማለት አይደለም፤ ሙያዋ ነው። በሐረር ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው የክርስቲያን ቤት ሁሉ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ብርነሽ። አንዳንድ ቤት እንዲያውም ተራው ይገለበጣል፤ ይህን ግን ቄሶቹ ባይሰሙት ይሻላል።

አለቃቀሷ እንደ ሌሎቹ ደረት እየደቁ መጮህ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ትይዝና ዝም ብላ ሰው ታያለች። ማን እንደ ደረቀ፣ ማን ሊፈርስ ጥቂት እንደ ቀረው፣ ማን ከሟች ጋር ተኳርፎ ሳይታረቅ እንደ ቀረ፣ ሁሉንም ከፊት ላይ ታነባለች። ከዚያ አንድ ሙሾ ትወረውራለች። ያ ሙሾ አንዱን ያገኛል፤ ሁለተኛው ሌላውን። ቤቱን ሁሉ እንዲህ ታዳርሰዋለች።

"እንባ እንደ ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ለሁሉም ጉድጓድ ገመዱ ልክ አይደለም" ትል ነበር።

የግድግዳ ጎረቤቷ በለጡ ደግሞ፣ "አንቺ እኮ ካማረሽ የጊደር መጋላን የገበያ ሚዛን ታስለቅሻለሽ" ትላታለች።

እንዲህ ያለችው ብርነሽ ግን ግራዝማች ኪዳነወልድ ሲሞቱ ሐረር አልነበረችም። ጅጅጋ ልጇን ልታርስ ሄዳ ነበር። ተመልሳ ለቅሶ ልትደርስ ስትገባ ቀብሩ አልፏል፣ ሰልስቱ አልፏል፣ ድንኳኑም ተነሥቷል። የቆየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእልፍነሽ ዓይን። ደረቅ።

እልፍነሽ የግራዝማች ሚስት ናት፤ ለብርነሽ ደግሞ ከእህት ያላነሰች ጎረቤት። ባሏ ሲቀበሩ አላለቀሰችም። መድኃኔ ዓለም ግቢ ውስጥ አፈር ሲመለስ ቆማ አየች፤ የመጣውን እንግዳ "አብሉት፣ አጠጡት" ስትል ከረመች። አንዳንዱ "ድሮም አትወዳቸውም ነበር" አለ። ብርነሽ ይህን የሚሉትን አላመነችም። ያመነችው ሌላ ነው፤ ያልወጣ ሐዘን ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። የእልፍነሽ አምባር ከእጇ አንጓ ተነሥቶ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀምሯል። እህል ሲቀርብላት ጠርዙን ትነካካና ሌላ ሰው ታጎርሳለች።

ብርነሽ ሁለት ሦስቴ ብቻቸውን ሲሆኑ ሞከረቻት። እልፍነሽ እጇን ይዛ፣ "ተዪኝ ብርነሽ። ያልመጣ ነገር በጉልበት አይመጣም" አለቻት።

እንግዲህ የቀረው ሙት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፣ ቤቱ ይሞላል፤ ሰው በሞላበት እንባ ይጋባል። ብርነሽ ወራት ሙሉ ግጥም ስታበስል ከረመች። ውሃ ስትቀዳም፣ ሽንኩርት ስትልጥም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በለጡ አይታ፣ "ለሽንኩርቱም ታለቅሺለታለሽ?" አለቻት።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሰሞን የግራዝማች ልጅ ዓለሙ ከአዲስ አበባ መጣ። ዘመኑ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዓለሙ በመሥሪያ ቤት ጥሩ ወንበር ይዟል፣ ሱሪው ከታች ሰፋ ያለ ነው። ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዞ ሲወርድ ሰፈርተኛው ለእናቱ ልብስ ያመጣ መስሎት ነበር። አንዱ ሻንጣ ውስጥ የፊልም ማሳያ ማሽን፣ ሌላው ውስጥ የፊልሙ ጥቅል ነበረ። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ የገዛት ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበረችውና፣ አባቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ክረምት መጥቶ አንስቷቸው ነበር።

"እትዬ ብርነሽ፣" አላት በማግሥቱ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ "አይቀየሙኝ እንጂ፣ በሙት ዓመቱ ሙሾ እንዲወጣ አልፈልግም።"

"ምን አጠፋሁ ልጄ?"

"ምንም። እናቴ ደክማለች፣ እያዩዋት ነው። ጩኸት ይገድላታል። ደግሞ ሙሾ አባቴን ያስታውሳል እንጂ አያመጣቸውም። እኔ ራሳቸውን አመጣቸዋለሁ። ሲሄዱ፣ ሲስቁ፣ እናቴ በዓይኗ ታያቸዋለች።"

"ራሳቸውን? ታዲያ ለምሳ አንድ ሰው ጨምረን እንሥራ?"

ዓለሙ ሳይወድ ሳቀ። "ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይዩ። አፍዎን ብቻ እንዳይከፍቱ።"

ለአስለቃሽ አፍሽን አትክፈቺ ማለት ለአንጥረኛ እሳት አታንድድ እንደ ማለት ነው። ብርነሽ ግን እሺ አለች። የልጁ አሳብ ለእናቱ ካለው ፍቅር የመጣ መሆኑ ገብቷታል። ሳይሳካለት ቢቀርስ? ከዚህ በኋላ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ቤት የሚገባው ለእልፍነሽ ለራሷ ቀብር ይሆናል ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷንም ለማንም አልተናገረችም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ካህናቱ በልተው መርቀው ከሄዱ በኋላ ዓለሙ ሳሎኑን አጨለመው። ገና ቀትር ስለ ነበረ በመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። ከግድግዳው ላይ ሰፌዶቹ ወርደው የእልፍነሽ ጥሩ አንሶላ፣ ዳሩ የተጠለፈው፣ በምስማር ተመታ። እልፍነሽ ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፤ ብርነሽና በለጡ ከጎኗ። በሩ አጠገብ ደግሞ አው ሐሰን ነበሩ፤ ጊደር መጋላ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በሐረሪ ወግ 'አው' የሚባሉ የጀጎል ሽማግሌ፣ የግራዝማች የዕድሜ ልክ ወዳጅና የዕድሜ ልክ ተከራካሪ። ዓለሙ ከሁሉም ኋላ ማሽኑን ይዞ ቆመ።

ማሽኑ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መንኳኳት ጀመረ። አንሶላው ነጣ። ከዚያ የዚሁ ቤት በር ታየ፤ በሩ ተከፈተና ግራዝማች ኪዳነወልድ በቁመታቸው ልክ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ወደ ሰዉ፣ ፊት ለፊት፣ መጡ።

ቤቱ በሙሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ኖር!" አሉ ወንዶቹ። "ኖር፣ ኖር ግራዝማች!" አሉ ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ሽማግሌ ሲገባ መነሣት ከጉልበት የሚወጣ ነገር ነው፤ ጭንቅላት ዘንድ አይደርስም። ችግሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ለ"ኖር" መልሱ "በእግዜር" ነው፤ ይህን ሳይሰማ የሚቀመጥ ባለጌ ነው። ግራዝማች ደግሞ ድምፅ የላቸውም። ሰዉ ግማሽ ተነሥቶ፣ ግማሽ አጎንብሶ ይጠብቃል። ከማሽኑ የሚመጣው ብርሃን ጀርባቸው ላይ እየወደቀ ጥላቸው አንሶላውን ሞላው፤ ግራዝማች በጎረቤቶቻቸው ትከሻ መካከል ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

"ኧረ ተቀመጡ! አባቴን ሸፈናችኋቸው!" ጮኸ ዓለሙ ከኋላ።

ማን ይቀመጣል? በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ አው ሐሰን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አላህ ይርሐመው፣ ስለ እሱ እኔ ልበል፤ በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ በቃ።"

ሰዉም ተመስገን ብሎ ተቀመጠ።

ብርነሽ በዚህ ሁሉ መካከል የምታየው እልፍነሽን ነበር። እልፍነሽም እንደ ሰዉ ተነሥታለች፣ እንደ ሰዉ ተቀምጣለች። ዓይኗ ግን እንደ ትናንቱ ነው። ብርነሽ አላስቻላትም፤ የገባችው ቃል አፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተገላበጠባትና ተፋችው፤

"ወዴት ብዬ ልሂድ፣ ወዴትስ ልፈልግህ፣
ደጅህ ወና ቀረ አንተ ወጥተህ ጠፍተህ።"

ድምፅዋ ጥሩ ነበር። ግጥሙም ክፉ አልነበረም። ግራዝማች ግን በዚያው ቅጽበት ወና ቀረ በተባለው ደጅ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ጢማቸውን እያፍተለተሉ ነበር።

"ኧረ ይኸውላችሁ!" አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በለጡ እንኳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

"እትዬ ብርነሽ፣ ተስማምተን አልነበረም?" አለ ዓለሙ።

ብርነሽ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። በሙያዋ ተስቆባት አያውቅም። ተሸማቅቃ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ማየት ጀመረች፤ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበራትምና። ሙሾ ለባዶ ቦታ የሚባል ነገር ነው። ሰውየው የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ሲሆን ያን ባዶ በቃል ትሞይዋለሽ። ዛሬ ግን ቦታው ሞልቷል፣ ቃሉ የሚያርፍበት ጠፋ። ደግሞ የሞላውም አሞላል ግራ ነው። ግራዝማች ወደ ሰዉ ሁሉ ያያሉ፣ ማንንም አያዩም። የሳቀውም ያልሳቀውም ለእሳቸው አንድ ነው። እሷ ብትሆን ኖሮ እልፍነሽ ስትደርቅ ቃሏን ትለውጥ ነበር፤ እሳቸው ግን ያን ክረምት የጀመሩትን እርምጃ ይጨርሳሉ።

አንሶላው ላይ ቦታው ተለውጦ ጊደር መጋላ ሆነ። ግራዝማች አንድ ቁራጭ አቡጀዲ በጣታቸው እያሹ ከአው ሐሰን ጋር ይሟገታሉ፤ የሁለቱም አፍ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እየተባባላችሁ ነው አው ሐሰን?"

"ወላሂ፣ እዚህ ጋ 'ጨርቅህ እንደ ሃይማኖትህ ጠንካራ ቢሆን ጥሩ ነበር' እያለኝ ነው። አሁን ደግሞ እኔ 'ያንተም ኪስ እንደ ምላስህ ረጅም ቢሆን' እያልኩት ነው። እዩት፣ እዩት፣ ተናደደ!"

እውነትም አንሶላው ላይ ግራዝማች ከዘራቸውን አነሡ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። አው ሐሰን ግን ሳቁ መሐል ላይ ቆሙና የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ብርነሽ ይህን አየች። እኔ የለፋሁበትን ጨርቅ ሻጭ ሠራው አለች በሆዷ። የሠራው ፊልሙ ነው እንዳትል ፊልሙን ሁሉም አይቶታል፤ ያለቀሰው ለግራዝማች አፉን ያዋሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ሶፊ ነበር፣ የግራዝማች እርሻ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሰንጢ ማንጎ ይልጣሉ። ቀና ብለው ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን እያዩ ብዙ ተናገሩ፤ አንድ ቁራጭ በሰንጢው ጫፍ ወግተው ዘረጉ። ከዚያ ዓይናቸው የሆነ ነገር ተከትሎ ወደ ግራ ሄደ፣ ሄደ። አንሶላው ድንገት ነጣ። አለቀ።

"እዚህስ ምን እያሉ ነው?" አለች በለጡ።

"እንጃ፣" አለ ዓለሙ፤ "እኔ የካሜራውን መነጽር ሳስተካክል ነበር።"

ብርነሽ እልፍነሽን አየች። ዓይኗ እንደ ደረቀ ነው፣ ከንፈሯ ግን አንድ ሁለቴ ተላውሷል።

"'ነይ አንቺም ብዪ' እያሉ ነው" አለች ብርነሽ እንደ ዋዛ።

"አይደለም" አለች እልፍነሽ።

በሹክሹክታ ነው ያለችው። ብርነሽ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ገመዱ ውሃ የነካ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ነው። ወደ ኋላ ዞረችና፣ "ዓለሙ፣ ልጄ፣ ይኼ ነገር ይደገማል?" አለች።

"ይደገማል፣ ግን መጠቅለል አለበት።"

"ጠቅልለው።"

ጥቅልሉ ወደ ኋላ ተሽከረከረ። ግራዝማች እንደገና ከበራቸው ወጡ፤ እርምጃው ያው፣ ጢም ማፍተልተሉ ያው። አሁን ማንም አልተነሣም። እንደገና አቡጀዲውን አሹ። እንደገና ሶፊ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ሰንጢያቸውን አወጡ፣ ቀና ብለው መናገር ጀመሩ።

"አሁን አወቅኩ፣" አለች ብርነሽ ጮክ ብላ፤ "'የትናንቱ ወጥ ጨው አልነበረውም' ነው የሚሏት።"

"ኧረ ውሸት!" እልፍነሽ በጉልበቷ ተንበረከከች። "ግራዝማች በዕድሜያቸው የእኔን ወጥ ነቅፈው አያውቁም! ብርነሽ፣ በሞተ ሰው አፍ አትዋሺ!"

"ታዲያ ምን አሉ? እኔ የማየውን ነው የምናገረው። 'ጨው የለውም፣ ልጅቷ ናት የሠራችው ወይስ አንቺ' እያሉ—"

"ዝም በይ! እኔ ነኝ እዚያ የነበርኩት። አጠገቡ ነበርኩ፣ ከዓለሙ ጎን።" እጇን ወደ አንሶላው ዘረጋች፤ የጣቷ ጥላ የባሏ ደረት ላይ አረፈ። "ይኸው፣ አሁን... 'እልፌ' አሉ። 'ይኼ ልጅ በመስታወት ነው የሚያየኝ፤ አንቺ በዓይንሽ እዪኝ' አሉ። እኔም 'ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁትን ፊት ዛሬ ምን ልየው' አልኳቸው፤ ሳቁ፣ ይኸው ሲስቁ... 'ግድ የለሽም፣ ዛሬ እዪኝ' አሉ። ማንጎውን ዘረጉልኝ። እኔ ጉንዳን ምሳችን ላይ ወጥቶ አየሁና ሰሐኑን ላነሳ ዞርኩ። ይኸው እየተከተሉኝ ነው... በዓይናቸው..."

ግራዝማች ወደ ግራ አዩ። አዩ። አንሶላው ነጣ።

የጥቅልሉ ጫፍ ማሽኑ ላይ ቸብ ቸብ ይላል፤ ዓለሙ አላጠፋውም። እልፍነሽ ከባዶው አንሶላ ፊት ለፊት ተንበርክካ መናገሯን አላቆመችም።

"ይኸው ዞርኩ፣" አለች ለነጩ ብርሃን። "ሰሐኑን አስቀመጥኩት፣ ግራዝማች። ይኸው እያየሁዎት ነው። ይኸው እኮ እያየሁዎት ነው!"

እንባው ያኔ መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነበርና ድምፅ አልነበረውም መጀመሪያ፤ ትከሻዋን ብቻ ያወዛውዛት ነበር። ከዚያ ድምፁም ደረሰ።

ብርነሽ አፏ ውስጥ የተዘጋጀ ሙሾ ነበራት፤ ወራት የደከመችበት፣ ከሁሉ የተሻለው። ዋጠችው። ማስለቀስ እንጂ ማልቀስ ከተዋት ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ፊቷን ስትነካው እርጥብ ሆኖ አገኘችውና እንደ እንግዳ ነገር ጣቷን አየችው። በለጡ ነጠላዋን ሰጠቻት፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀልድባት።

ዓለሙ በማግሥቱ ከብርነሽ ደጅ ቆመ።

"የወጡን ነገር አውቀው ነው የዋሹት?"

"የመጀመሪያውን፣ 'ነይ ብዪ' ያልኩትን፣ ሳላውቅ ነው። ሁለተኛውን አውቄ ነው።"

"ፊልሙ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ መዋሸት ባላስፈለገ።"

"ድምፅ ቢኖረው ኖሮ እናትህ ምን ቀርቷት ትናገራለች?" አለችው።

ይሁን እንጂ ልጅየው ጨርሶ አልተማረም፤ የተማረ ሰው መማር ያስቸግረዋል። በሚቀጥለው እሑድ ላልደረሱ ዘመዶች ፊልሙ ሊታይ ሲሆን የሆነ ቦታ ሄዶ የቴፕ መቅረጫ ተውሶ መጣ። አሳቡ እናቱ ስትናገር ቀድቶ ለወደፊቱ ከፊልሙ ጋር ሊያስኬደው ነው። ማይክሮፎኑን እናቱ ጉልበት ላይ አደረገው። ግራዝማች ወጡ፣ ተከራከሩ፣ ሶፊ ተቀመጡ። እልፍነሽ ዝም።

"እማዬ፣ ተናገሪ እንጂ።"

"ለማን?"

"ለዚህ።"

እልፍነሽ የቴፑን የሚሽከረከር ጎማ አየት አደረገች። "ይኼ ማነው? ለቅሶ ደርሶኝ ያውቃል?"

ፊልሙ ያለ አንድ ቃል አለቀ። ዓለሙ ቴፑን ዘጋ። ማይክሮፎኑን ከእናቱ ጉልበት ላይ አነሣና ሽቦውን ጠቀለለ። ፊልሙን እንደገና አጎረሰና ማሽኑን አስነሣ፤ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑን ብቻውን ትቶት መጣና ምንጣፉ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። አባቱ ከበሩ ሲወጡ፣ ይህን የመሰለ ጸጥ ያለ አረማመድ እንደ ነበራቸው ከዚህ በፊት አይቶ የማያውቅ ይመስል አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሶፊ ሲደርሱ እልፍነሽ ጀመረች። "ያን ቀን ጠዋት፣" አለች፣ "አባትህ 'ዓለሙ ከስቷል፣ ምን ሆኖ ነው' አሉኝ። ይኸው፣ አሁን ይህንኑ ነው የሚሉት። 'እዪው፣ ያን ነገር ፊቱ ላይ ደቅኖ መክሳቱን ሊደብቀኝ ነው' እያሉ ነው።"

"ባለፈው እንዲህ አላልሽም፣ እማዬ።"

"ባለፈው አንተ አጠገቤ አልነበርክም።"

ከኋላ የተቀመጠችው ብርነሽ ይህን ሰምታ ከጎኗ የነበረችውን የበለጡን ነጠላ ጎተተች። ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገልጠው ሲወጡ ከውጭ የገባው ፀሐይ አንሶላውን ለአፍታ አደበዘዘው፤ እናትና ልጅ ግን ዞረው አላዩአቸውም።

"መጨረሻውን ሳንሰማ?" አለች በለጡ ግቢው ውስጥ።

"ለኛ አይደለም የምታወራው" አለች ብርነሽ፣ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች።